ከገጹ ግርጌ ያሉት ፊደላት

ልጆቼ፣ ባለፈው ሳምንት ታይፒስቷን የተውናት በፎቶ ኮፒ ቤቷ በር ላይ ነው፤ ዕጩው ከመኪናው ሲወርድ አይታ፣ ቶነር፣ የማባዣው ቀለም፣ የነካውን እጇን ከቀሚሷ ኋላ ስትጠራርግ። ብዙዎቻችሁ "እሰይ፣ አሁንስ ደስ ይበላት" እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም ብያለሁ። ግን ደስታ ለአንዳንድ ሰው ቸኩሎ እንደመጣ እንግዳ ነው፤ ወንበሩን ሳያሞቀው ይነሳል።

ታሪኩን ዛሬ ለምትጀምሩት ባጭሩ ላስታውሳችሁ። እሷ የወፍጮ ቤት ተሸካሚ ልጅ ናት። እሱ የዚያው ወፍጮ ቤት ባለቤት ልጅ ነው። የተዋወቁት እሷ በኮሌጁ ቢሮ ታይፕ ስትመታ፣ እሱ ደግሞ እዚያው ሲማር ነው። ተማሪዎቹ በአባቱ ሥራ "ዱቄት" እያሉ ይሰድቡት ነበር። እሷም ዱቄት ትለዋለች፤ ከሷ አፍ ሲወጣ ግን የስድብነቱ ነገር ይጠፋና የቁልምጫ ስም ይሆናል። አባቱ ነገሩን ሲሰሙ ልጃቸውን ለትምህርት ብለው ሩቅ አገር ላኩት። "ጠብቂኝ" ብሏት ሄደ። ደብዳቤው መጀመሪያ ቀጠነ፣ ከዚያ ሳሳ፣ ከዚያ ቀረ። ቤተሰቡ የመረጠለትን አገባ። እሷ ማንንም አላገባችም።

ዘመን ሄዶ ዘመን መጣ። ሚስቱ አረፈች፣ ወፍጮው በእጁ ገባ፣ ፀጉሩ ሸበተ፣ ለምክር ቤት ሊወዳደር ተነሳ። እናም አንድ ቀን "የቅስቀሳ ወረቀት ላባዛ" ብሎ እሷ በር ላይ ቆመ፤ በገዛ ቢሮው ሦስት ማባዣ ያለው ሰው! ሰበቡ ለማንም አልተሰወረም። ከዚያ ወዲህ ሳያባዛ የሚያልፈው ሳምንት የለም። "ምርጫው ይለፍ እንጂ" ብሏታል፣ "እጅሽን ይዤ በዚህ መንገድ በጠራራ ፀሐይ እሄዳለሁ።"

እዚህ ላይ ነበርን። እንግዲህ ልብ አርጉ።

*

ጠዋት ነው። ታይፒስቷ ፕሪንተሩን እያሞቀች ሳለ፣ ጎረቤቷ ፀጉር አስተካካዩ ማበጠሪያውን ከጆሮው ላይ ሰክቶ ገባ። ደንበኛውን ግማሽ ፊቱን ላጭቶ ትቶት ነው የመጣው። ሰውየው አረፋውን እንደተቀባ ተከትሎት በሩ ላይ ቆሟል።

"ታይፒስቷ፣ ሰውዬሽ ነገር ገጥሞታል።"

"የእኔ የሚባል ሰው የለም።"

"እሺ፣ የማንም ያልሆነው ሰውዬሽ" አለና አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

የጥንት ገጽ ነው፤ ተቀናቃኞቹ ከየት እንዳገኙት እንጃ፣ አባዝተው ሌሊቱን በየአጥሩ ለጥፈውታል። የተማሪዎች ጋዜጣ ገጽ ነው፤ ስቴንስል በሚሉት የሰም ወረቀት ላይ ተመትቶ በእጅ በሚዞር ማባዣ የታተመ፣ ቀለሙ እዚህም እዚያም ያበጠ። አንዱን ዓረፍተ ነገር በቀይ ከበውታል። "የሚያጎርሰውን ሰው ሳንባ የሚበላ ወፍጮ ይቃጠል!" ከበታቹ ደግሞ በትልቁ፣ "ይህን የጻፈ ሰው የእናንተን ንብረት ይጠብቃል?" ይላል።

ታይፒስቷ ቀዩን ክብ አላየችም። ዓይኗ በቀጥታ የሄደው ወደ ገጹ ግርጌ ነው፣ በግራ በኩል። እዚያ አራት ፊደላት አሉ። ሁለቱ የሱ፣ ከዚያ እዝባር፣ ያቺ ጋደል ያለች መስመር፣ ከዚያ ሁለቱ የሷ።

ይሄ የቢሮ ደንብ ነበር። ደብዳቤ ሲጻፍ የአርቃቂውና የታይፒስቱ ስም መነሻ ፊደላት ከግርጌ ይቀመጣሉ፤ ስህተት ቢገኝ ማን እንዳለው፣ ማን እንደመታው እንዲታወቅ። የተማሪዎቹ ጋዜጣ ግን ስም አይወጣበትም፤ ስም የወጣ እንደሆነ ከኮሌጅ መባረር አለ። ያን ቀን ከሥራ ሰዓት በኋላ ተደብቃ ስትመታለት፣ ጣቶቿ የለመዱትን አደረጉ። ገጹ ሲያልቅ ራሳቸው ወደ ግርጌ ወረዱና እንደ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ፈረሙበት። ሁለቱ ይህን ያወቁት ወረቀቱ ሁሉ ከተባዛ በኋላ ነው። እሷ አለቀሰች። እሱ ግን ወረቀቱን ወደ መብራት ከፍ አድርጎ ሳቀ፤ "ተይው። በዓለም ላይ እኔና አንቺ ጎን ለጎን የተጻፍንበት ወረቀት ይሄ ብቻ ነው" አላት።

"እኔ የምለው" አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ "ሰው በልጅነቱ በጻፈው ይጠየቃል እንዴ? እኔ ለሚስቴ 'ካንቺ ጋር ውሃ ብቻ ጠጥቼ እኖራለሁ' ብዬ ጽፌያለሁ። ዛሬ ምሳ ሲዘገይ ቤቱን በጩኸት አናጋዋለሁ። ታዲያ ልከሰስ?"

"አንተ ለምርጫ አልቆምክማ" አለ አረፋ የተቀባው። "አንተን ያገባች እንጂ የመረጠህ የለም።"

ተሳሳቁ። ታይፒስቷ አብራቸው ለመሳቅ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነው። ጣቷን በእዝባሯ ላይ አድርጋ ቆመች። ያቺ ቀጭን መስመር የዛን ጊዜ ድልድይ ትመስላት ነበር። ዛሬ አጥር መሰለቻት።

*

አሁን ደግሞ ስለ ጽሑፉ ልንገራችሁ፤ ቀዩ ክብ ውስጥ የሌለውን።

የታይፒስቷ አባት ማንበብ አይችሉም ነበር። ዱቄት አንድ እሁድ ወደ አንድ ክፍል ቤታቸው መጥቶ፣ ከአልጋቸው ጫፍ ተቀምጦ አነበበላቸው። "ማለዳ ጆንያ ተሸክሞ የሚገባ፣ ማታ ነጭ ሆኖ የሚወጣ ሰው አለ። እኔ የተማርኩት በሱ ሳል ነው" የሚለው ላይ ሲደርስ እጃቸውን አነሱ።

"ቆይ። ይሄ እኔ ነኝ?"

"አዎ አባባ።"

"ስሜን አልጻፍከውማ።"

"ከሥራ እንዳያስወጡዎት ብዬ ነው።"

"ግድ የለም፤ ሳሌ ይበቃል። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ከስሜ ይልቅ በሳሌ ነው የሚያውቁኝ" አሉና ሳቁ። ሲስቁ ሳሉ መጣ፣ ከመጣም አልመለስ አለ። ልጃቸው ጀርባቸውን ደገፈች፣ ዱቄት የውሃውን ኩባያ ያዘ። ሳሉ ሲያባራ እንባቸውን ጠረጉና፣ "ልጄ፣ የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። ይሄን ነገርህን አደራ" አሉት።

ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ። መቃብራቸው ላይ የተጻፈ ነገር የለም፤ ድንጋይ ለማስጻፍ አቅም አልነበረም። በምድር ላይ ስለሳቸው የተጻፈው ያ ገጽ ብቻ ነው። ታይፒስቷ ዱቄትን የወደደችው በዚያ እሁድ ነው፤ ኩባያውን ይዞ እጁ ሲንቀጠቀጥ አይታ። እንዲህ ያለ እጅ አንዴ ያየች ሴት ሌላ እጅ አይታያትም።

*

ከቀትር በኋላ ታላቅ እህቱ መጡ፤ የቅስቀሳውን ሥራ የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ወንበሩን በመሐረብ ጠርገው፣ ከጠረጉት በኋላም ሳይቀመጡበት ቀሩ።

"እትዬ፣ ይቀመጡ እንጂ። ሻይ ላስመጣልዎት?"

"አልቆይም። አንቺ፣ ወንድሜን ትወጂዋለሽ?"

ታይፒስቷ ያልተጠበቀ ጥፊ እንደቀመሰ ሰው ሆነች። "እትዬ፣ ይሄ ቆመው የሚጠይቁት ነገር ነው?"

"ከወደድሽው ትረጂዋለሽ ማለቴ ነው። ነጋዴው ሁሉ ስልክ እየደወለ 'እውነት ወፍጮ አቃጥሉ ብሏል ወይ' እያለ ነው። የሚያወጣን አንቺ ብቻ ነሽ። ጋዜጠኞች ፊት ትቆሚያለሽ። 'ጽሑፉን የሰጠኝ ሌላ ተማሪ ነው፤ እኔ ልጁን ስለምወደው፣ ስሙ ከስሜ ጎን እንዲውልልኝ ብዬ ፊደሉን በገዛ እጄ ጨመርኩበት' ትያለሽ። አለቀ። ሰው ይስቃል፣ ከዚያ ይረሳል።"

"በማን ነው የሚስቀው?"

"በልጅነት ነዋ! በልጅነቱ የማይሳቅበት ማን አለ?"

"አባቴስ?"

"አባትሽ ምን ሆኑ?"

"ጽሑፉ ውስጥ ያሉት እሳቸው ናቸው።"

እህትየው ክፉ ሴት አይደሉም፤ ወንድማቸውን የሚወዱ ሴት ናቸው። "ስማቸው አልተጻፈም እኮ" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ሳላቸው ተጽፏል።"

ማባዣው የመጨረሻውን ገጽ ተፋና ጸጥ አለ። ታይፒስቷ ወረቀቶቹን አስተካክላ ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገቻቸው፣ ጠርዛቸው እኩል እስኪሆን። ከዚያ ቀና ሳትል፣ "እሱ በአፉ ይጠይቀኝ። ከጠየቀኝ አደርገዋለሁ" አለች።

እህትየው ሲወጡ "እግዜር ይስጥሽ" አሏት። እሷ ግን ከማንም በላይ ራሷን ታዘበች። አባቷን ለመካድ እሺ ለማለት የፈጀባት አንድ ጥራዝ ወረቀት የማስተካከያ ጊዜ ብቻ ነው። ፍቅር እንዲህ ርካሽ ያደርጋል እንዴ? ብላ አፈረች፤ ሐፍረቷ ግን ሐሳቧን አላስቀየራትም።

*

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጣ፣ ያለ ሾፌር። ማመልከቻ የሚያስጽፉ ሰዎች ወረፋ የሚጠብቁበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ጥግ ላይ አሮጌው ታይፕ አለ፤ ሥራ ካቆመ ቆይቷል፣ እሷ ግን አቧራ አታስቀምጥበትም። አንዱን ቁልፍ በጣቱ ተጫነው። ብረቱ ተነሳና ሳይደርስ ወደቀ።

"እህቴ መጥታ ነበር አሉ።"

"መጥተው ነበር።"

"ምን አልሻት?"

"አንተ ከጠየቅከኝ እሺ እንደምል።"

"በሰው ሁሉ ፊት? እንዲስቁብሽ?"

"ዱቄት፣ እኔ መሳቂያ መሆን አዲሴ አይደለም። ያኔ ስትሄድ 'ወፍጮው ፈጭቶ ጣላት' ሲሉኝ ከርመዋል። ጥርስ ሳላሳይ አሳልፌዋለሁ።"

እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። በጣቶቹ መሐል ሲያያት ዓይኑ ያው የድሮው ዓይን ነው።

"ከመጠየቅህ በፊት ግን አንድ ነገር ልበልህ" አለች። "ሰው ይለወጣል። እኔም ተለውጫለሁ። 'ያኔ እንዲህ አስብ ነበር፣ ዛሬ እንዲህ አስባለሁ' በል፤ ማን ይገድልሃል? ይቃጠል ያልከው የልጅ ንዴት ነው፣ እሱን ጣለው። ሰውዬው ግን የእውነት ነው። ሰውዬውን እንዳትጥለው።"

ተነስቶ መጣና እጇን ያዘ። ቶነሩ መዳፉ ላይ ታተመ።

"አልጠይቅሽም" አለ። "እንዲህ ያለ ነገር ካንቺ አፍ እንዲወጣ አልፈልግም። እኔው ራሴ እጨርሰዋለሁ። ነገ በከተማው አዳራሽ የዕጩዎች ክርክር አለ። ነይ። ከፊት ተቀመጪ፣ እንዳይሽ።"

እኔው ራሴ እጨርሰዋለሁ። መንገዱን ሁሉ እቺን ቃል እንደ ከረሜላ በአፏ ስታገላብጣት ሄደች። ቤቷ ስትደርስ ሰማያዊውን ቀሚሷን አውጥታ ተኮሰች። ነገ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ በድምፅ ማጉያ፣ የአባቷ ሳል ሊነገር ነው! ከመኝታዋ በላይ ወደተሰቀለችው የአባቷ ባርኔጣ ቀና ብላ፣ "አባባ፣ ዱቄት አደራዎን አልበላም" አለቻት። ልጆቼ፣ ተስፋ ክፉ ነው ስል ትቆጡኛላችሁ። ያን ምሽት ያዩዋትን ሰዎች ጠይቁ፤ የሃያ ዓመት ልጅ መስላ ነበር።

*

አዳራሹ ጢም ብሏል። ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ከጎኗ ተቀምጧል። ከኋላ፣ ወንበር ያላገኙት ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ክርክሩን የምትመራው ጋዜጠኛ ወጣት ናት፤ ወረቀቱን ከፍ አድርጋ ያዘችው።

"ይህን ጽሑፍ የጻፉት እርስዎ ነዎት?"

ዕጩው ተነሳ። ጉሮሮውን ጠረገ። "አዎ፣ እኔ ነኝ" አለ።

ታይፒስቷ የፀጉር አስተካካዩን ክንድ ጨብጣ ያዘች።

"ማለቴ፣ እኔ የሚባል አንድ የሃያ ዓመት ልጅ ነው" አለ ቀጥሎ፣ ፈገግ ብሎ። "ፂሙ ሳይበቅል ዓለምን በአንድ ገጽ የሚያስተካክል። እናንተ ቤት እንዲህ ያለ ልጅ የለም? ምሳውን እናቱ ታቀርብለታለች፣ እሱ ስለ ጭቆና ይናገራል!"

አዳራሹ ሳቀ። እናቶች አንገታቸውን እየነቀነቁ ሳቁ።

"በዚያ ዕድሜ በጻፍነው እንመዘን ከተባለ፣ ከዚህ አዳራሽ ንጹሕ ሆኖ የሚወጣ የለም። እስቲ የፍቅር ግጥም የጻፋችሁ እጃችሁን አውጡ!"

እጆች እየተሽኮረመሙ ወጡ፣ ሳቁ ባሰ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፣ ልጆቼ። ታይፒስቷም የምትሄድበትን ሳታውቅ ፈገግ ብላ ነበር።

ጋዜጠኛዋ ግን አልሳቀችም። "መልካም። አንድ ጥያቄ ብቻ። ዛሬ ወፍጮው የእርስዎ ነው። ጽሑፉ ላይ የሚያስል ሰው አለ፤ 'የተማርኩት በሱ ሳል ነው' ይላሉ። ይህ ሰው በእውነት ነበረ?"

የዕጩው ዓይን በመደዳው ላይ ተንከራተተና ሰማያዊውን ቀሚስ አገኘ። ተያዩ። እሷ ዓይኗን አልነቀለችም፤ በዓይኗ ኩባያውን ዘረጋችለት፣ አልጋውን፣ እሁዱን፣ ሁሉን። እሱም ያየው ይመስለኛል። ማየቱን የማውቀው ከዚያ በኋላ ዓይኑን ወደ ድምፅ ማጉያው ስላወረደ ነው።

"የለም" አለ። "የጽሑፍ ማሳመሪያ ነው። ልጅ ሲጽፍ ሰው ይፈጥራል።" ከዚያ ቶሎ ብሎ፣ ሳቁ ሳይበርድበት፣ "ያ ልጅ ሞቷል፤ ነፍሱን ይማረው! ዛሬ ፊታችሁ የቆመው ለሥራ የመጣ ሰው ነው።"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ጭብጨባው ሲያባራ፣ ከኋላ፣ ግድግዳ ከተደገፉት መሐል፣ ከወፍጮ ቤቱ የመጣ አንድ ሰው አሳለ። ረጅም ሳል ነው፤ ደረቅ፣ ከሆድ የሚነሳ፣ ካልጨረሰ የማይለቅ። ጥቂቶች ዞረው አዩ። ታይፒስቷ አልዞረችም። ያን ሳል ጀርባዋ ያውቀዋል። እጇ ብቻ በራሱ ተነሳና ባዶ አየር ላይ ጀርባ ፈለገ፣ የሚደግፈው።

"ምን ሆንሽ?" አላት ፀጉር አስተካካዩ።

"ምንም። ሰው ሲያጨበጭብ ማልቀስ ያሳፍራል።"

*

በጎን በር በኩል ሮጦ ደረሰባት። ፊቱ በርቷል፤ ፈተና እንዳለፈ ተማሪ።

"አየሽ? አንቺን ሳላስነካ ጨረስኩት!"

"ጨረሱት" አለች።

"ጨረሱት? እኔን ነው እርስዎ የምትዪኝ?"

"እርስዎን አላውቅዎትማ። እኔ የማውቀው አንድ ልጅ ነበር። አሁን መሞቱን ሰማሁ።"

"ኧረ በናትሽ! የመድረክ ቃል ነው እኮ። ቃል ነው፣ ነገ ይረሳል።"

"እኔና አንተ ከቃል ሌላ ምን አለን?" እዚህ ላይ ድምፅዋ ተሰበረ፤ አንተ ማለቷንም አላወቀችም። "ልጅ የለን፣ ቤት የለን፣ አብረን የተነሳነው ፎቶ እንኳ የለን። አንድ ገጽ ናት ያለችን። እሷን በሕዝብ ፊት ቀደድካት፤ አባቴንም ከነሳላቸው ከውስጧ አውጥተህ ጣልክ።"

"ነበረ ብል ምን እንደሚመጣ ታውቂያለሽ? ሠራተኛው ሁሉ ነገ በር ላይ ይሰለፋል። ደጋፊዎቼ ይሸሹኛል። ልመረጥ ብቻ፤ አቧራ መሳቢያ አስገባለሁ፣ ሐኪም አስቀምጣለሁ፣ ሁሉን አስተካክላለሁ።"

"ያ ልጅ ሳይመረጥ ነው የተናገረው።"

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ለአንድ አፍታ ብቻ፣ በሽበቱ ሥር፣ ኩባያ የያዘው ልጅ ብቅ ያለ መሰላት። እጇን ልትዘረጋ ምንም አልቀራትም። ያን ጊዜ የእህቱ ድምፅ ከውስጥ መጣ። "የት ሄድክ? ፎቶ አንሺዎቹ ይጠብቁሃል!"

ወደ በሩ አየ። ወደሷ አየ። ወደ በሩ አየ።

"ጠብቂኝ" አላት።

ቃሉ ያው የድሮው ቃል ነው። ያኔ ስትሰማው ሕይወቷን ሙሉ የሚበቃ ስንቅ መስሏት ነበር፤ በሱም ነው እዚህ የደረሰችው። አሁን ግን ስትሰማው ምንም አልተሰማት፣ ልጆቼ። ከሐዘን ሁሉ የከፋው ይሄኛው ነው፤ የሚያምህን ቦታ ትነካዋለህ፣ አያምህም።

*

የምርጫው ዕለት ታይፒስቷ ጥቁር ለብሳ መጣች። ድምፅ የሚሰጥበት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሰልፉ ሁለት ዙር ዞሯል። ፀጉር አስተካካዩ አያትና ቀልዱን ከአፉ መለሰው።

"እህቴ፣ ማን ሞተብሽ?"

"አንድ የማውቀው ልጅ ነው።"

"ልጅ? ስንት ዓመቱ?"

"ሃያ።"

"ውይ! ገና ለጋ። መቼ?"

"ቆይቷል" አለች። "እኔ ነኝ ዘግይቼ የሰማሁት።"

ፀጉር አስተካካዩ ደነገጠ። ወደ ፊት ዞሮ "እባካችሁ አሳልፏት፣ ሐዘንተኛ ናት!" ብሎ ተጣራ። ሰልፉ ተከፈተላት። የማታውቃቸው ሴቶች ትከሻዋን እየነኩ "እግዜር ያጽናሽ" አሏት፣ ወንዶች ባርኔጣቸውን አወለቁ። እሷም "አሜን፣ አሜን" እያለች በመሐላቸው አለፈች። ዱቄት ለሚባለው ለሞተው ልጅ የመጣ ለቀስተኛ ይኸው ነው፤ ማን እንደሞተ የማያውቅ ሕዝብ።

ከመጋረጃው ኋላ ወረቀቱን ዘረጋች። የሱ ፎቶግራፍ ይስቃል። ግንባሩን አየች፣ ዓይኑን አየች፣ የከንፈሩን ጫፍ አየች፤ ልጁን ፈለገችው። የለም። ተቀናቃኙን ልትመርጥ እጇ አልሄደም፤ እሱን ልትመርጥም አልሄደም። በገመድ የታሰረውን እስክሪብቶ እንደያዘች ብዙ ቆመች። ኋላ ጣቶቿ የለመዱትን አደረጉ።

ማታ በቆጠራው ዕጩው በሰፊው አሸነፈ። ቆጣሪው ግን አንድ ወረቀት ላይ ደርሶ ቆመ። የትኛውም ፎቶ አጠገብ ምልክት የለም። ከግርጌው፣ በግራ በኩል፣ ለሁለት ፊደል የሚበቃ ባዶ ቦታ አለ፤ ከዚያ አንዲት እዝባር፤ ከዚያ ሁለት ፊደላት።

"ይሄ ምንድነው?" አለ ለጓደኛው።

"እንጃ። የማመልከቻ ነገር ይመስላል።"

"የጀመሩት ይመስላል፣ አልጨረሱትም።"

"የተበላሸ ነው በለው" አለ ጓደኛው፤ ወረቀቱም ከተበላሹት ጋር ተቀመጠ።